የጉማሬው አከርካሪ ስም

ደብረ ታቦር የደረሰ እንግዳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጋፋትን ነው፤ የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራበትን ቦታ። እኔ እዚያ ቆሜ የማስበው ስሙን ስለሚጋራው ቋንቋ ነበር። ጋፋትኛ ጠፍቷል፤ ሆኖም የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. አራት ተናጋሪ አግኝቶ መዝግቦታል፤ ሴማዊ መሆኑም ይታወቃል። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ በሚገቡበት በጣና ዳር ግን ዘመዱ ያልታወቀ ቋንቋ ነበር፤ ጉማሬ አዳኝ የነበሩት የወይጦዎች። በወረታ በኩል የፎገራን ሜዳ አስቋርጦ ወደ ሐይቁ ያወረደኝ ይህ ቋንቋ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ የአውሮፓውያን ናቸው) ንጉሡን ለምኖ ሁለት ወይጦዎች አስጠራ። እንሰቅላችኋለን ቢባሉም አንዲት ቃል አልመለሱለትም። በ1907 ምሁሩ ሚትቮኽ ስለ እነሱ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። በ1928 ፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል ሲመጣ አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋ ዘፈነለት፤ ዘፋኙ ራሱ ከጥቂት የጉማሬ ብልት ስሞች በቀር ትርጉሙን አያውቀውም ነበር። ዘፈኑ አለመመዝገቡ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ግሪዮል የለቀማቸውን ቃላት የቋንቋ ሊቁ ማርሴል ኮኸን በ1939 ቢያበጥራቸው፣ ዘር ያጣላቸው ስድስት ብቻ ሆኑ፦ ሽልክሪት የዓሣ ቅርፊት፣ ቅንታት ክንፍ፣ ችግምቢት ቢንቢ፣ አኔሳ ትከሻ፣ እንክየስ የጉማሬ ታፋ፣ ዋዝምስ የጉማሬ አከርካሪ።

ከስድስቱ ሁለቱ የጉማሬ መሆናቸው አልገረመኝም። ደገኛው ጉማሬ አይበላም፤ የሚበላውንም ርኩስ ብሎ ከማዕዱ አርቆታል። አማርኛ ለበሬ ሽንጥና ዳቢት እያለ ሲያወጣ ለጉማሬው ብልት የተለየ ስም ያበጀ አይመስለኝም። ወይጦው ለአብዛኛው ነገር የጎረቤቱን ቃል ሲወስድ፣ ለዚህ የሚወስደው ያልነበረው ይመስለኛል።

አንትሮፖሎጂስቱ ፍሬድሪክ ጋምስት በ1965 የቀረ ቃል አላገኘም። ቋንቋውን ኮኸን አገውኛ ወይም ከአማርኛ የተለየ ሴማዊ ቋንቋ ሊሆን ይችላል አለው፤ የቋንቋ ሊቁ ቤንደር ደግሞ ከአዊኛ ወይም ከምሥራቅ ሱዳናዊ ቋንቋዎች ጋር አስጠጋው። ስድስት ቃል ለዳኝነት አይበቃም።

ሐይቁ ዳር አንድ የወይጦ አዛውንት ታንኳ ይሠራሉ። ደንገሉን በነዶ በነዶ ደርድረው፣ በእግራቸው ረግጠው ገመዱን ያጠብቃሉ።

«አባባ፣ ዋዝምስ ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?»

«ምንድን ነው ልጄ?»

«የጉማሬ አከርካሪ።»

«ጉማሬ የበሉት አባቶቻችን ናቸው፤ እኛ አልደረስንበትም። ታንኳውን ጠይቀኝ።»

ጠየቅኋቸው። እያንዳንዱን ነዶና እያንዳንዱን ቋጠሮ እየነኩ ስሙን ነገሩኝ፤ አንድ ሳላስቀር ጻፍሁ። የዘጌ ታንኳ ሠሪዎችም እነዚህኑ ስሞች ይሉ እንደሆነ ልጠይቅ ነገ ጠዋት እሻገራለሁ።