ስሟን ለደዌ ያዋሰች መንደር

ከኒው ዮርክ ከተማ ተነሥቶ የባሕሩን ዳር እየተከተለ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው፥ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ከሄደ በኋላ የኮኔቲከትን ወንዝ የሚያሻግረውን ረጅም ድልድይ ያገኛል። ይህ ወንዝ ከካናዳ ወሰን አጠገብ ተነሥቶ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ በዚህ ሥፍራ ከባሕር ይቀላቀላል። ከድልድዩ ማዶ ያለችው ከተማ ኦልድ ላይም ትባላለች፤ ትርጓሜውም «አሮጌይቱ ላይም» ማለት ነው። ከእርስዋ በስተ ሰሜን፥ በኮረብታና በደን መካከል፥ ላይም የምትባለው መንደር ትገኛለች። ላይም በ1665 ዓ.ም. ራስዋን የቻለች ስትሆን ስሟን የወረሰችው በእንግሊዝ አገር በባሕር ዳር ካለችው ከላይም ሪጂስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ በሰኔ ወር ወደዚያ በደረስን ጊዜ አገሩ ለምልሞ ነበር። ነጫጭ የእንጨት ቤቶች በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ በወንዙ አፍ ያለው ረግረግ በሸምበቆ ተሸፍኗል። ከ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ብዙ ሠዓልያን ይህን ብርሃንና ይህን ልምላሜ ሽተው እየመጡ በፍሎረንስ ግሪስወልድ ቤት በእንግድነት ይቀመጡ ነበር። ያ ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ሥራቸውን ያሳያል። ነገር ግን የላይም ስም በዓለም ሁሉ የታወቀው በሥዕል አይደለም፤ በደዌ ነው እንጂ። ይህን ያህል ውበት ያለው አገር እንዴት ስሙ ከሕማም ጋር ሊነሣ ቻለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከደኑ ውስጥ ያገኘዋል።

ወደ ደኑ የገባ መንገደኛ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያያል። ሰው በማይኖርበት በጫካው መካከል፥ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያልፍ ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ አለ። ካቡ የቀድሞ ገበሬዎች የእርሻቸውን ወሰን ያጠሩበት ነው። ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት ይህ አገር በአብዛኛው ተመንጥሮ እርሻና ግጦሽ ሆኖ ነበር፤ አጋዘኑም ታድኖ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። በኋላ ግን ገበሬዎቹ ለም መሬት ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሄዱ፤ ሌሎቹም ወደ ፋብሪካ ገቡ። እርሻው ዳዋ ለበሰ፤ ዳዋውም ደን ሆነ፤ ከደኑም ጋር አጋዘኑ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች በደኑ ጫፍ ላይ ቤት መሥራት ጀመሩ። አጋዘን፥ አይጥና ሕፃናት በአንድ ግቢ ዳር መገናኘት የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው።

በላይም ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ፖሊ መሬይ ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በራሳቸው፥ በባላቸውና በልጆቻቸው ላይ የሚመላለስ ሕማም ያዩ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሽፍታ፥ አንድ ጊዜ ትኩሳት፥ ሌላ ጊዜም የጉልበት እብጠት። ብዙ ሐኪሞች ቃላቸውን በቁም ነገር አልተቀበሉትም። እርሳቸው ግን ያዩትን ሁሉ ከመጻፍ አላቋረጡም። በ1975 ዓ.ም. እርሳቸውና ሌላ አንዲት እናት በአካባቢው ብዙ ሕፃናት የመገጣጠሚያ እብጠት እንደ ያዛቸው ለግዛቲቱ የጤና መሥሪያ ቤት አስታወቁ። የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ዶክተር አለን ስቲር ከባልደረቦቻቸው ጋር መጥተው መረመሩ፤ በላይም፥ በኦልድ ላይምና በኢስት ሃዳም 39 ሕፃናትና 12 ዐዋቂዎች በዚሁ ሕማም ተይዘው አገኙ። ሕሙማኑ የሚበዙት በደን አጠገብ ነበር፤ ሕማሙም በብዛት የሚጀምረው በበጋቸው ወራት ነበር። ከአራቱ አንዱ ያህል፥ እብጠቱ ከመምጣቱ አስቀድሞ በቆዳቸው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ልዩ ምልክት ማየታቸውን ተናገሩ። ይህን ምልክት አፍዜሊየስ የተባለ የስዊድን ሐኪም በ1909 ዓ.ም. ከመዥገር ንክሻ ጋር አያይዞ ገልጾት ነበር። በመጨረሻም በ1981 ዓ.ም. ዶክተር ዊሊ በርግዶርፈር በመዥገር ሆድ ውስጥ እንደ ተጠማዘዘ ክር ያለ ረቂቅ ባክቴሪያ አገኙ፤ ባክቴሪያውም በስማቸው ቦሬሊያ በርግዶርፈሪ ተባለ።

እኛ የከብት መዥገርን እናውቃለን፤ ደም ጠጥቶ እንደ ባቄላ ሲያብጥ በእጃችን ነቅለን እንጥለዋለን። የላይም መዥገር ግን በዓይን ለማየት እጅግ ያስቸግራል። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ሰውን በብዛት የሚነክሰው ገና ያላደገው ነው፤ መጠኑም ከጤፍ ፍሬ ብዙ አይበልጥም። መዥገሩ ባክቴሪያውን የሚወስደው በተለይ ነጭ እግር ካለው የደን አይጥ ነው፤ ያም አይጥ በድንጋዩ ካብ ሥር ይኖራል። አጋዘን ባክቴሪያውን ለመዥገሩ አያስተላልፍም፤ ላደገው መዥገር ግን ማዕድ ሆኖ ዘሩን ያበዛለታል። መዥገሩ ከዛፍ አይወርድም፥ አይበርም፥ አይዘልም፤ በሣር ጫፍ ላይ ሆኖ የሚያልፈውን ይጠብቃል። ሲነክስም ስለማያሳምም ሰውየው አያውቀውም። ሆኖም ባክቴሪያውን ለማስተላለፍ ብዙውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት ያስፈልገዋል። እንግዲህ በየማታው ገላን መመልከት ያለው ጥቅም ከዚህ የተነሣ ነው።

የደዌው የመጀመሪያ ምልክት ከንክሻው በኋላ ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። ከተያዙት ከመቶው ከ70 እስከ 80 በሚሆኑት ላይ በቆዳቸው ሽፍታ ይወጣል፤ በየቀኑም ቀስ እያለ ይሰፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ስንዝር በላይ ይደርሳል። ሲዳስሱት ይሞቃል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አያሳክክም፥ አያሳምምም። መካከሉ ነጣ ብሎ እንደ ቀለበት የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም። በተነከሰበት ቀን የሚወጣና በሁለት ቀን የሚጠፋ ትንሽ ቅላት ይህ ደዌ አይደለም፤ እየሰፋ የሚሄደውን ነው መፍራት።

በዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። በሕክምና መጻሕፍት የሚገኙት ሥዕሎች አብዛኞቹ በነጭ ቆዳ ላይ የወጣ ቀይ ሽፍታ የሚያሳዩ ናቸው። በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ግን ሽፍታው ቀይ ላይመስል ይችላል፤ ጠቆር ያለ፥ ወይን ጠጅ የመሰለ፥ ወይም ተመትቶ የበለዘ ቁስል የሚመስል ሆኖ ይታያል። ስለዚህም በጥቁር ሰዎች ላይ ደዌው ዘግይቶ የሚታወቅበት ጊዜ ይበዛል። ስለ ቀለሙ ብቻ አንጨነቅ፤ ሙቀቱን በእጃችን መዳፍ እንመርምር፥ ዳሩንም በእስክሪብቶ ከብበን በማግሥቱ ሰፍቶ እንደሆነ እንመልከት።

ከሽፍታው ጋር፥ ወይም ያለ ሽፍታ፥ ትኩሳት፥ ብርድ ብርድ ማለት፥ ራስ ምታት፥ ድካምና የሰውነት ቁርጥማት ይመጣል። ሳልና የአፍንጫ ንፍጥ ሳይኖር በበጋ ጉንፋን የመሰለ ሕማም የያዘው ሰው በሣር መካከል የዋለበትን ቀን ያስብ። ሳይታከም ከቀረ ከሳምንታት በኋላ የፊት አንደኛው ጎን ሊሽባና አፍ ሊጣመም፥ ልብ ያለ ሥርዐት ሊመታና ራስ ሊያዞር፥ አንገትም ሊደርቅ ይችላል። ከወራት በኋላ ደግሞ ጉልበት በብርቱ ያብጣል፤ እነዚያ የላይም ልጆች ወደ ሐኪም የቀረቡት በዚህ ደረጃ ነበር።

መዥገር ተጣብቆ ቢገኝ በቀጭን መቆንጠጫ ከቆዳው አጠገብ ይዞ፥ ሳያጣምሙ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ነው። በእሳት መለብለብ ወይም ቅባት መቀባት አይገባም። ቦታውን በሳሙና አጥቦ ቀኑን መጻፍ፥ ከሦስት ቀን በፊትም ሐኪም መጠየቅ ይጠቅማል፤ አንዳንድ ጊዜ አስቀድሞ የሚከላከል መድኃኒት ይታዘዛልና። ሽፍታው ከታየ ግን አለመዘግየት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደም ምርመራ ደዌውን ላያሳይ ስለሚችል፥ ሐኪም ሽፍታውን አይቶ ብቻ ማከም ይችላል። ዶክሲሳይክሊን ወይም አሞክሲሲሊን በጊዜው የተሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ ይድናል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እጅግ ብዙ ወገኖቻችን በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ይኖራሉ፤ እነዚህም ግዛቶች ደዌው የሚገኝባቸው ናቸው። በጀርመንና በስዊድን ደኖችም አለ። በ2010 እና በ2018 ዓ.ም. መካከል በአሜሪካ በያመቱ 476,000 ያህል ሰዎች ስለዚህ ደዌ እንደ ታከሙ ተገምቷል። ደግሞም በአገራችን በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት የዚሁ የቦሬሊያ ወገን ነው፤ ስለዚህ የባክቴሪያው ዘመድ ለአያቶቻችን እንግዳ አልነበረም።

ሣርና ደን የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፤ ልጆችን በፍርሃት ከቤት መዝጋት አይገባም። ረጅም ሱሪ ማልበስ፥ ጫፉን በካልሲ ውስጥ መክተት፥ ሲመለሱም ልብሳቸውን በሙቅ አየር ማድረቂያ ማድረቅ ይበቃል። ማታ ገላቸው ሲታጠብ ከጆሮ ኋላ፥ ከጠጉር ሥር፥ ከብብት፥ ከጉልበት እጥፋትና ከብሽሽት ላይ መመልከት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። በላይም መንደር ሊቃውንቱን የቀሰቀሰው የእናት ዓይንና የእናት ማስታወሻ ነበር፤ ይህ መሣሪያ ደግሞ በየቤታችን አለ።