እጅ ሲረጋ ቃል ቢጠፋስ?

አዲስ ቅዳም ነው። ሰውየው ስልሳን አልፈዋል፤ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ልጃቸው በስልኩ ቪዲዮ አሳያቸው። አንድ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ መሣሪያው ሲበራለት እጁ ወዲያው ይረጋል።

«አባባ፣ የዲከረንስ ማሳውን ሸጠን ሕንድ እንውሰድዎ።»

አባት ቪዲዮውን ደግመው አዩና «እጁስ ረጋ። ሰውየው ግን ለምን አይናገርም?» አሉ።

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሕክምናው ራሱ ተረት አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይ ግሬኖብል እነ ዶክተር አሊም ሉዊ ቤናቢድ ያስፋፉት ነው። ቀጭን ሽቦ ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል ይገባል፤ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የተቀበረ ባትሪ ኤሌክትሪክ ይልክለታል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ 255 ሕመምተኞችን ይዞ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው የተገጠመላቸው በቀን በአማካይ 4.6 ሰዓት ተጨማሪ ደህና የመንቀሳቀሻ ጊዜ እንዳገኙ አሳይቷል። ለታመመ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም ወገን አለው። በተደጋጋሚ የታየው ጉዳት ቃል ቶሎ የማውጣት አቅም መቀነስ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ በአንድ ደቂቃ የሚያውቁትን እንስሳ ሁሉ ይጥሩ። ፈረስ፣ በቅሎ፣ በግ፣ ጅብ... ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙዎች ከቀድሞው ያነሰ ይጠራሉ። ለአብዛኞቹ ለውጡ መጠነኛ ነው። አንዳንዶች ላይ ግን ችኩልነትና የስሜት መለዋወጥም ይታያል። አስቀድሞ የመርሳት በሽታ የያዘው ሰው ደግሞ በአብዛኛው ለዚህ ቀዶ ሕክምና አይመረጥም።

እኚህ አባት የሚታወቁት በሽምግልና ነው። ድንበር ሲገፋ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሥራቸው ቃል ነው። ቤት ውስጥ አገውኛ፣ ገበያ ላይ አማርኛ ይናገራሉ። ሩቅ አገር በአስተርጓሚ ቢፈተኑ፣ የሚለካው የእሳቸው አእምሮ ነው ወይስ የአስተርጓሚው ፍጥነት?

እንግዲህ ማሳ ከመሸጡ በፊት የሚጠየቅ አለ። ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት በልኩና በሰዓቱ ተሞክሯል? የማስታወስና የንግግር ፈተናው አፍ በፈቱበት ቋንቋ ይሰጣል? ሲመለሱ መሣሪያውን ማን ያስተካክለዋል? ባትሪው ሲያልቅ የት ይቀየራል? እነዚህን የማይመልስ ደላላ የሚሸጠው ግማሽ ቪዲዮ ነው።

ማሳው አልተሸጠም። አባትና ልጅ መጀመሪያ ባሕር ዳር ወርደው የነርቭ ሐኪም ሊያዩ ተስማምተዋል። ጥያቄዎቹን ልጁ በወረቀት ጽፏል። የመጀመሪያውን ግን «እኔው እጠይቃለሁ» ብለዋል አባት፣ በራሳቸው አንደበት።