የጀናዛው ማስታወቂያ በማግስቱ ሲደርስ

 

በሰፈራችን ልጆችን ቁርኣን ሲያቀሩ የኖሩ አንድ አዛውንት ኡስታዝ ነበሩ። አንድ ሌሊት ወደ አኺራ ሄዱ፣ አላህ ይዘንላቸው። ከሱብሒ በኋላ፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ማስታወቂያውን በመስጂዳችን ፔጅ ለጠፍን። ሰላተል ጀናዛው ከዙህር በኋላ ተሰገደ፣ ቀብሩም ተፈጸመ። በማግስቱ ከዐስር በኋላ አንድ ወንድም ደወለልን። እሳቸው ዘንድ ያኸተመ ልጅ ነው፤ አሁን ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ሱቅ አለው። «አሁን ነው ያየሁት። ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። «ለጥፈን ነበር እኮ» አልነው። ወላሂ መልሱ ለራሳችንም አልጣመንም። በዚያው ሳምንት ሌሎች አራት ሰዎችም ይህንኑ ነገሩን።

የአፑን ስም መጥራት አያስፈልግም። የሚጽፉለትን በሰዓቱ ቅደም ተከተል ሳይሆን በራሱ ስሌት ደርድሮ ነው የሚያሳየው። ለሠርግ ፎቶ ችግር የለውም፣ ነገም ቢታይ ያው ነው። ጀናዛ ግን አይቆይም። በዲናችን ቀብርን ማፋጠን ሱና ስለሆነ ማስታወቂያው የሚጠቅመው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። «ይህ አፕ ምቹ ነው» ስንል የኖርነው ለምን ጉዳይ ምቹ እንደሆነ ሳንጠይቅ ነበር።

ስለዚህ ልንፈትነው ተነሳን። ጃኮብ ኒልሰን የሚባል የዚህ ሙያ ሰው በ2000 በጻፈው ጽሑፍ አምስት ሰው ብቻ ብትፈትኑ አብዛኛውን ችግር ታገኛላችሁ ይላል። እኛም አምስት ሰው አገኘን። ከዒሻ በኋላ መስጂድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣ በየራሳቸው ስልክና በሚጠቀሙበት አፕ ሦስት ነገር አዘዝናቸው፤ የጀናዛውን ማስታወቂያ ፈልጉ፣ ያለፈውን ሐሙስ ደርስ ፈልጉ፣ ከዚያ አፑን ዝጉ። ሦስተኛው ሲነገር ሁሉም ሳቁ።

አንዱ የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ ከሁላችንም ይልቅ ስልክ የሚያውቀው እሱ ነው። የአጫጭር ቪዲዮ አፑን ከፈተ፤ ቪዲዮው ማንም ሳይነካው ጀመረ። ልጁ በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ሌላው ይመጣል። አሥር ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ቀና ብሎ «ምን ነበር ፈልግ ያላችሁኝ?» አለ። ሳቅን፣ ቀጥሎም ዝም አልን፤ ምክንያቱም እኛም ከዒሻ በኋላ ቤታችን ገብተን የምናደርገው ይህንኑ ነው። በአጠቃቀም ቅለት ቢለካ ይህ አፕ አንደኛ ይወጣል፤ ልጁ አንዴም አልተደናቀፈም። የመጣበትን ጉዳይ ብቻ ነው ያላገኘው። ማለቂያ የሌለውን ገጽ በ2006 የቀየሰው ኤዛ ራስኪን ራሱ በኋላ በአደባባይ ተጸጽቷል። ገጽ ሲያልቅ ሰው ቆም ብሎ ለምን እንደመጣ ያስታውሳል፤ ያ ማቆሚያ ነው የተነሳው።

ሐጂያችን ደግሞ በምልክቶቹ ተቸገሩ። «ይቺ የወረቀት አውሮፕላን ምን ትሠራለች?» አሉ። መላኪያ መሆኗን የሚያውቅ ያውቃል እንጂ ከሥሯ ምንም አልተጻፈም። ፊደሉን ከሴቲንግ ስናሳድግላቸው ግማሹ ችግር ተቃለለ።

ቴሌግራም ላይ ነገሩ የተሻለ ነበር። ቻናሉ በሰዓት ቅደም ተከተል ነው፣ ካቆማችሁበት ይጀምራል፣ ስንት እንዳላነበባችሁ በቁጥር ያሳያል፣ ማስታወቂያም ከላይ ፒን ይደረጋል። ደርሱን ሁለቱ ወዲያው አገኙት፤ አንዱ አፍጥኖም አዳመጠው (ለደርስ ይሁን፣ ቂርኣትን ግን እባካችሁ አታፍጥኑ)። ግን እሱም ጉድለት አለበት። ካልከለከላችሁት ፎቶና ቪዲዮውን በራሱ እያወረደ የሞባይል ዳታ ይጨርሳል። ከመቶ በላይ ቻናል የተቀላቀለው ወጣት ደግሞ የእኛን ለማግኘት ብዙ መውረድ ነበረበት።

አምስተኛው ዓይነ ስውር ሓፊዝ ወንድማችን ነው። ስልኩ ጽሑፉን በድምፅ ያነብለታል፣ እሱም በፍጥነት ይሠራል። ወደ ጀናዛው ማስታወቂያ ሲደርስ ስልኩ «ፎቶ» ብሎ ዝም አለ። ደግሞ ነካው፤ «ፎቶ»። ማስታወቂያውን አረንጓዴ መደብ ላይ በጌጠኛ ፊደል ያሳመርነው እኛ ነን። የሟቹ ስም፣ ሰዓቱ፣ መስጂዱ፣ ሁሉም ሥዕሉ ውስጥ ነው። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰው እጠይቃለሁ» አለን በእርጋታ። ስንት ዓመት አብረን ስንሰግድ አንድ ቀን አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም። በስም ፍለጋ የሞከሩትም ማስታወቂያውን ያላገኙት በዚሁ ምክንያት ነው። አፑን ልንከስ ተሰብስበን ግማሹ ጥፋት የራሳችን ሆኖ ተገኘ።

አሁን የጀናዛ ማስታወቂያ በተራ ጽሑፍ ነው፤ ስም፣ ሰፈር፣ ከየትኛው ሰላት በኋላ፣ የት መስጂድ። ፎቶ የሚፈልግ ካለ ከሥሩ ይለጠፋል። ቴሌግራም ላይ መላኪያውን ተጭኖ በመያዝ ያለ ድምፅ መላክ ስለሚቻል፣ ደርስና ሌላውን ሁሉ ያለ ድምፅ እንልካለን፤ ድምፅ የሚያሰማው ጀናዛ ብቻ ነው። ለቅርብ ሰዎችም አሁንም እንደውላለን፣ ስልክ መደወል ገና አልቀረም።

የቀረን አንድ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ በፊት በላክነው ብዛት ተሰላችታችሁ የቻናላችንን ድምፅ ዘግታችኋል፤ እውነታችሁን ነው። እነዚያ ሰዎች ጋ አሁንም አንደርስም። ድምፁን መልሳችሁ ክፈቱልን፤ ያለ ጀናዛ ካስጮኽንባችሁ መልሳችሁ ዝጉት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።