ይድረስ ለእታለም፦ ረጪው ግቢ ከመግባቱ በፊት

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እታለም፣
ንፋስ መውጫ።

የእማዬ ደረት እንዴት ሆነላት? ስልኩ እየተቆራረጠ ከነገርሽኝ ግማሹን ነው የሰማሁት፤ መንገዱም ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ስለሚዘጋ መምጣቱን ለጊዜው ተውኩት። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልሽ። ይህን የሚያደርስልሽ ሾፌር የአገራችን ልጅ ነውና ቡና ሳታጠጪ እንዳትሸኚው።

የሰማሁት ይህን ያህል ነው። ከጓሮው ሰርቪሶች ሁለቱ ውስጥ ትኋን ገብቷል፤ ተማሪዎቹም ሊለቁ ነው። መርጫ ያዘለ አንድ ሰው መጥቶ "በአንድ ቀን እጨርስልሻለሁ፤ ዋናውንም ቤት እመርቅልሻለሁ" ብሎሻል፤ ቀብድም ጠይቋል። "ምን ትላለህ?" አልሽኝና መስመሩ ጠፋ። የምለው፦ አስረጪ። ግን እሱ እንዳለው ሳይሆን አንቺ እንደምትዪው ይሁን።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበልሽ። ስትነግሪኝ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ይመስለኛል። አንቺ እኮ ለየበዓሉ ግድግዳ የምትለቀልቂ፣ ደጅሽ የእንግዳ ጫማ የሚያሳፍር ሴት ነሽ። ትኋን ንጹሕና ቆሻሻ አይለይም፤ የሚፈልገው የተኛ ሰው ደም ነው። በአውቶቡስ ወንበር፣ በተማሪ ሻንጣ፣ ከሰው እጅ በተገዛ ስፖንጅ ፍራሽ ተሳፍሮ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ፓሪስ፣ ኦሎምፒክ ልታስተናግድ ወራት ሲቀሯት፣ በትኋን ወሬ ታምሳ ሹማምንቱ ሳይቀሩ ስብሰባ ተቀምጠው ነበር። እነሱ ያላፈሩበትን አንቺ ለምን ታፍሪበታለሽ? ደግሞም ትኋን ያሳክካል፣ እንቅልፍ ይነሳል እንጂ በሽታ እንደሚያስተላልፍ የተረጋገጠ ነገር የለም። ግርሻና ተስቦ የሚያመጣው ቅማል ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጠፋው ልብስ በማፍላት እንጂ ግድግዳ በመርጨት አይደለም። ይህን ሁሉ የምዘበዝበው እንዳትቸኩዪ ብዬ ነው። ተማሪዎቹን የዚህን ወር ኪራይ ቀንሽላቸውና ትንሽ ይታገሱ።

አሁን ወደ ሰውዬው። "በአንድ ቀን" ያለሽ ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው፤ ወይም ያውቀዋል፣ ገንዘቡን ይዞ መሄድ ፈልጓል። ርጭቱ ባብዛኛው የሚገድለው የሚሄደውን ትኋን ነው፤ እንቁላሉን አይነካም። እንቁላሉ በሞቃት ቤት ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ በእናንተ ብርድ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ካልረጨ የመጀመሪያው ርጭት ከንቱ ነው። ክፍሉን ዘግቶ በረሃብ መጨረስም አይቻልም፤ ትልቁ ትኋን ደም ሳይቀምስ ወራት ይቆያል። የጉና ውርጭ ይገድለዋል የሚልሽ ካለ ደግሞ ሳቂበት። ትኋኑ ከእኛው ጋር ቤት ውስጥ እየሞቀ ነው።

ሌላው ነገር ግድግዳው ነው። የሰርቪሶቹ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ መድኃኒት ይጠጣል። ቀለም በተቀባ ወይም በተለሰነ ግድግዳ ላይ ወራት የሚቆየው፣ ጭቃ ላይ ቶሎ ይደክማል። ስማዳ ቆላ፣ በሽሎ ዳር ያሉ ዘመዶቻችን ጋ የወባ ረጪዎች ሲመጡ "ከረጨን በኋላ ግድግዳውን አትምረጉ፣ አትለቅልቁ" የሚሉት ለዚህ ነው፤ አዲስ እበት መድኃኒቱን ይሸፍነዋል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በ1951 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ለዐሥርት ዓመታት ዲዲቲ ሲረጭ ኖረ፤ ትንኟ ስለለመደችው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሌላ መድኃኒት ተዞረ። ትኋን ግን ከእሷ ቀድሞ ነው የለመደው። በብዙ አገር ሰው "ከተረጨልን ወዲህ ትኋኑ በዛ" እያለ ረጪ ቤቱ እንዳይገባ ይከለክል ነበር፤ ዲዲቲው ሳይገድለው ከየስንጥቁ ያወጣው ነበርና ሰዉ አልተሳሳተም። ስለዚህ ሰውዬው "ዲዲቲ አለኝ" ብሎ ከኮራብሽ በሩን አሳዪው። በዓለም አቀፍ ስምምነት ዲዲቲ የተፈቀደው ለወባና መሰል በሽታ መከላከያ ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት ዕቃውን ጠይቂው። በሃይላንድ ፕላስቲክ የተቀዳ ነገር ይዞ ከመጣ አትቀበዪው፤ ከየት እንደተቀዳ አንቺም እሱም አታውቁም። ከነወረቀቱ፣ ከነፋብሪካ ክዳኑ ይሁን። 674/2002 የተባለው የፀረ ተባይ አዋጅ ያልተመዘገበ መድኃኒት መሸጥም መጠቀምም ይከለክላልና ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው። ጽሑፉ ደቃቅ ከሆነብሽ ከወረቀቱ ግርጌ ያለውን የቀለም መስመር እዪ፦ ቀይ ከሆነ እጅግ መርዛም ነው፣ ቢጫም ለቤት አይሆንም፤ ሰማያዊና አረንጓዴው ይሻላል። ስሙ በ"ትሪን" የሚያልቅ ከሆነ፣ እንደ ዴልታሜትሪን ያለው፣ በልኩ ከተበጠበጠ ለሰው የተሻለ ነው። ማላታይንና ዲያዚኖን ግን የእርሻና የከብት መዥገር መድኃኒት ናቸው፤ እማዬ የምትተኛበት ክፍል አይገቡም። መርጫውንም ጠይቂው። በክረምት ለስንዴ አረም ቱ ፎር ዲ ሲረጭበት የከረመውን ቆርቆሮ አለቅልቆ ወደ መኝታ ቤት ይዞ የሚመጣ ብዙ ነው። በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ አለ፤ የቀበሌሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም አለች። አንዳቸውን ጠርተሽ ዕቃውን ቢያዩልሽ ሰውዬው ቅር ቢለውም ይቻለው።

እታለም፣ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይህ አይደለም። በመካከል "ክኒንም አለኝ ብሎኛል" ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ያ ክኒን የነቀዙ ክኒን ነው፤ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። እርጥበት ሲነካው ጋዝ ይለቃል፤ ሽታው ነጭ ሽንኩርት ወይም የከረመ ዓሣ ይመስላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይሸትም። በጎተራ ውስጥ ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው። በግድግዳ ስንጥቅ ያልፋል፣ በማዳበሪያ ኮርኒስ ላይ አድርጎ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይሻገራል። በአንድ ክፍል ትኋን ይግደል ተብሎ ተቀምጦ፣ በጎረቤቱ ክፍል የተኙ ልጆች የሞቱበት በብዙ አገር ታይቷል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም ቤት ቢደረስም ሐኪሙ የሚያደርገው ትንሽ ነው። ሰርቪሶቹ በጓሮ በኩል ቢሆኑም ከዋናው ቤት ጋር በአንድ ጣራ ሥር ናቸው፤ እማዬ ደግሞ መደቡ ላይ ናት፣ በደህናውም ቀን ትንፋሽ ያጥራታል። ስለዚህ ይህን እለምንሻለሁ፦ ያ ክኒን ከግቢሽ በር እንዳያልፍ። ልጨምርልሽ ቢል፣ በነፃ ቢል፣ እምቢ በዪው። ለጎታው ገብስና ባቄላም ቢሆን አትግዢው። ፒክስ የሚሉት ሦስት ድርብ ያለው ከረጢት አለ፤ አፉን ጥብቅ አድርገሽ ካሰርሽው ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መርዝም አያስፈልግም።

ቀፎዎቹንም አትርሺ። "ትሪን" ያልኩሽ ለሰው ቢሻልም ለንብ እሳት ነው። ከቤቱ ኋላ የተሰቀሉትን ንቦቹ ሲገቡ፣ በምሽት፣ አፋቸውን በወንፊት ጨርቅ ሸፍነሽ ራቅ አድርጊያቸው፤ ከርጭቱ የተረፈውንም ውኃ ወደ ጅረቱ እንዳይደፋ፤ ጉድጓድ አስቆፍሪለት። ዶሮዎቹና ድመቷ የዚያን ቀን ጎረቤት ይዋሉ።

ከርጭቱ በፊት ያለውን ሥራ ከአንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። ልጅ ሆኜ ሌሊት እያለቀስኩ ስነሳ፣ ኩራዝ ይዘሽ የጠፍር አልጋውን ቋጠሮ በመርፌ እየጎረጎርሽ አንድ በአንድ ታወጫቸው ነበር፤ በነጋታው ሙሉ ቀን ጠላ ጠምቀሽ የእኔን ደብተር መግዣ ታገኚ ነበር። በኋላ የአካባቢ ጤና ስማር መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈው ነገር ያንኑ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው የሥራውን ጥቂቱን ነው፤ አብዛኛው እጅ፣ ፈላ ውኃና ዓይን ነው። ተማሪዎቹ አልጋቸውን ፈታትተው ወደ ደጅ ያውጡ፤ ስንጥቁ ሁሉ ላይ የሚፍለቀለቅ ውኃ ይፍሰስበት። ብርድ ልብስና ልብስ ይቀቀል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ ይነሳና ይቃጠል፤ ከኋላው ነው የሚያድረው። የግድግዳው ስንጥቅ ከርጭቱ በፊት ይመረግና ይድረቅ፤ ከተረጨ በኋላ ግን እንዳትነኪው። የእማዬን ጥንጁት ማጨስ ለቁንጫና ለትንኝ ደህና ነው፤ ትኋንን ግን ወደሚቀጥለው ክፍል ቢያሰድደው እንጂ አይጨርሰውም። በርበሬ ማጨሱን ለእማዬ ደረት ስትዪ ተዪው። ላምባ የሚቀባም አለ፤ ከኩራዝ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እንዳታስቢው።

ውሉን እንዲህ አድርጊ። ዋናው ቤት አይረጭ፤ ትኋን አልታየበትም፣ ምርቃቱን ለሌላ ይስጥ። የሚረጩት ሁለቱ ሰርቪሶችና ሦስተኛው አጎራባቻቸው ነው፤ በመካከል ያለው ግድግዳ አንድ ነውና። ረጪው ራሱ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ከሌለው ሰውየውን ስለ ራሱ ስትዪ መልሺው፤ የሰው ልጅ ነው። በተረጨ ቀን ማንም እዚያ አይደር፤ በማግስቱ በርና መስኮት ከፍታችሁ አናፍሱት። እማዬ ያን ሰሞን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አክስታችን ጋ ብትሰነብት ደስ ይለኛል፤ መንገዱ ካልሆነላት ግን ቢያንስ ጎረቤት ትደር።

ገንዘቡን በቴሌብር ልኬልሻለሁ፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይደርስሻል። ሰውዬው ከጠየቀው ግማሹን ለመጀመሪያው ርጭት ስጪው፤ ቀሪውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲረጭ። ግማሹን አልቀበልም ካለ ተመልሶ አይመጣም ማለት ነውና ሌላ ፈልጊ፤ ደብረ ታቦር የማውቃቸውን ልጠይቅልሽ እችላለሁ። የዕቃውን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ እኔ "እሺ" ሳልልሽ ክዳኑ እንዳይከፈት።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለተማሪዎቹም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አንቺ ያሳደግሽው ወንድምሽ፣
ባሕር ዳር