ሲቀነስ ማብራት፣ ሲደመር ማጥፋት

የኮምፒዩተር ሰዎችን ሒሳብ ያስተማረው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ነገር እንዲበራላቸው ሲፈልጉ የመቀነስ ምልክት ያስቀድማሉ፤ እንዲጠፋላቸው ሲፈልጉ የመደመር። ዜሮን እንኳ አልማሯትም። እነሱ ዘንድ ሲቀነስ ዜሮ የስክሪኑ ቀኝ ጫፍ ነው፣ ሲደመር ዜሮ ደግሞ ግራው። ይህን ሁሉ የሚያናግረኝ ኤክስክሎክ የምትባል አንዲት ትንሽ ሰዓት ናት።

ኤክስክሎክ ሊኑክስና ዩኒክስ ላይ የምትገኝ፣ ዕድሜዋ የገፋ ፕሮግራም ናት። ክብ ፊት አላት፣ ሰዓት ቆጣሪና ደቂቃ ቆጣሪ አላት፣ ዙሪያዋን ጭረት አለባት፤ ቁጥር ግን የላትም። «ሴቲንግ» የሚባል ነገርም የላትም። በማውዝ ብትጫኗት፣ ብትጎትቷት፣ ብትለማመጧት የምትነግራችሁ ነገር የለም። የምትፈልጉትን ሁሉ መናገር ያለባችሁ ከመምጣቷ በፊት ነው፤ አስተናጋጁ ሳይሄድ «ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ፣ ስኳር የሌለው» እንደሚባለው። ከመጣች በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም፤ ዘግቶ እንደገና ማዘዝ ነው።

ትዕዛዙ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ እዚህ በራሳችን ፊደል ላስፍረው። «ኤክስክሎክ -አፕዴት 1» ስትሏት ሴኮንድ ቆጣሪ ታወጣለች። ካልነገራችኋት በየ60 ሴኮንዱ ነው የምትንቀሳቀሰው፤ 30 ወይም ከዚያ በታች ስትጽፉላት ብቻ ሴኮንድ መቁጠር ተገቢ እንደሆነ ይገባታል። «-ቻይም» ካላችኋት ግማሽ ሰዓት ላይ አንዴ፣ ሰዓት ሲሞላ ሁለቴ ትደውላለች። ሦስትም ይሁን አሥራ አንድ፣ ሁለቴ ብቻ። እኔ ይህን ጠባይዋን እወድላታለሁ፤ ስንት ሰዓት ነው በሚለው ክርክር ውስጥ አትገባም።

ሰረዙ ከየት መጣ? ከቤል ላብስ ነው፤ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ከሠሩበት ቤት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ የፋይል ስም የሚዘረዝረው ትዕዛዝ ኤልኤስ ከነሰረዙ ተቀምጧል፤ ከሰረዙ ኋላ አምስት ፊደል ተደርድሮ። አምስት ቃል አይደለም፣ አምስት ፊደል። በዚያን ጊዜ ከኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገሩት በቴሌታይፕ ነበር፤ ሞዴል 33 የሚባለው በሴኮንድ 10 ፊደል እያንኳኳ ወረቀት ላይ ያትማል። በእንዲህ ያለ ማሽን ረጅም ቃል የሚጽፍ ሰው ትዕግሥተኛ ወይም ሥራ ፈት መሆን አለበት።

ሰረዙም ሒሳብ ፈጽሞ አልታሰበበትም። ከትዕዛዙ ቀጥሎ የሚመጣው የፋይል ስም ነው፤ ስለዚህ «ይህ ፋይል አይደለም፣ አመል ነው» የሚል ምልክት አስፈለገ። ሰረዝ ተሰጠው፣ ነገሩም አለቀ። ማለቅስ አላለቀም። ስሙ በሰረዝ የሚጀምር ፋይል አንዴ ከተፈጠረ እስከ ዛሬ ድረስ ማጥፋት መከራ ነው፤ አጥፋ የሚለው ትዕዛዝ ስሙን አይቶ «ምን ዓይነት አመል ነው የጠየቅኸኝ?» ይላል። መፍትሔ ተብሎ የመጣው ሁለት ሰረዝ ብቻውን መጻፍ ሆነ፤ ትርጉሙም ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ፋይል ነው ማለት ነው። ሰረዝ ያመጣውን ጣጣ በሰረዝ!

ኋላ ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩት የጂኤንዩ ሰዎች መጡና ፊደል ብቻ አይበቃንም፣ ሙሉ ቃል እንጽፋለን አሉ፤ ለሙሉ ቃልም ሁለት ሰረዝ መደቡ። ሁለት ሲቀነስ ሲገናኙ ሲደመር ይሆናል ተብለን የተማርን ሰዎች እዚህም ተሸነፍን። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ዶስን ሲያወጣ ለአማራጭ የመረጠው ወደ ፊት ያዘመመውን ጭረት ነበር። በ1983 ዶስ 2.0 ላይ የፎልደር አሠራር ሲጨመር ጭረቱ ተይዞ ስለተገኘ ወደ ኋላ ያዘመመውን ወሰዱ። ዊንዶውስ ላይ የፋይል አድራሻ ሁሉ ዛሬም ወደ ኋላ የሚጋደመው በዚህ ምክንያት ነው።

የመደመሩ ጉዳይ ወደ ኤክስክሎክና ወደ ዘመዶቿ የመጣው ከኤምአይቲ ነው። ቦብ ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ በ1984 ኤክስ የተባለውን የመስኮት ሥርዓት ጀመሩ፤ ከዩኒቨርሲቲው የአቴና ፕሮጀክት ጋር አደገና በ1987 ኤክስ 11 ሆነ። ከእሱ ጋር የተሠሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች የጋራ አመል እንዲኖራቸው ተደረገ፤ የጀርባ ቀለም፣ የፊት ቀለም፣ መጠንና ቦታ በሁሉም ዘንድ በአንድ ዓይነት ቃል ይታዘዛል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሰረዝ «አድርግ» በሚለው ተይዟል፤ «አታድርግ» ለማለት ምን ይቀራል? ሲደመር ቀረ። ማውዙን በዓይኖቿ የምትከተለው ኤክስአይስ ጥሩ ምሳሌ ናት። «+ሼፕ» ስትሏት የዓይኗን ቅርጽ ትታ አራት ማዕዘን መስኮት ውስጥ ትገባለች፤ ደመራችሁ፣ ቀነሰች። (የራሷ መመሪያ የቀድሞ ጸሐፊዋን ስም ሲጠቅስ «ሳይሆን አይቀርም» የሚል ጥርጣሬ አክሎበታል። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰነድ ብዙ አላየሁም።)

እስካሁን ያለውን በትዕግሥት አሳለፍኩት። የሰዓት ክልሉ ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ወደ እኛው ቤት ገባ።

ለዩኒክስ የሰዓት ክልላችሁን የምትነግሩት «ቲዜድ» በተባለ ተለዋዋጭ ነው። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ ስለዚህ ሲደመር ሦስት ይጻፋል ብላችሁ ካሰባችሁ ኒው ጀርሲን ረስታችኋል። እነዚያ ሰዎች ከግሪንዊች በስተ ምዕራብ ናቸው፤ ቁጥሩ ደግሞ ወደ ግሪንዊች ለመድረስ በእናንተ ሰዓት ላይ የሚጨመረው ነው። ለእነሱ አምስት ነው፣ ምልክትም አያስፈልገውም። በስተ ምሥራቅ ያለን እኛ ሲቀነስ እንጽፋለን፤ «ቲዜድ=ኢኤቲ-3»።

አሁን ተሳስታችሁ ሲደመር ሦስት ጻፋችሁ እንበል። ሰዓቲቱ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ከአዲስ አበባው የፈረንጅ ሰዓት በስድስት ትጎድላለች ማለት ነው። ስድስት! የሐበሻና የፈረንጅ አቆጣጠር ልዩነት! ፈረንጅ ጠዋት ሰባት ሲል እሷ አንድ ትላለች። «-ዲጂታል -12» ጨምሩባት፤ «ኤኤም» ያለችው በሙሉ ቀን፣ «ፒኤም» ያለችው በሙሉ ማታና ሌሊት ይሆናል፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይም አዲስ ቀን ትጀምራለች። ይህ ሰዓት የብራዚሊያና የቦነስ አይረስ ሰዓት ነው፤ እነሱ እኩለ ሌሊት ሲሉ እኛ ዘንድ ጎሕ ይቀዳል። በሐበሻ ሰዓት አቆጣጠር የምትሄድ ኤክስክሎክ ከ1980ዎቹ ጀምሮ አንድ የተገላቢጦሽ ምልክት ብቻ ይቀራት ነበር።

ወሩ ግን የፈረንጅ እንደሆነ ይቀራል። ጳጉሜን የሚያመጣ ሰረዝ የለም።

መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ አደራ፣ «ቲዜድ=ኢኤቲ+3» የሚለውን ሰዓቲቱን በምትጠሩበት መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻ ጻፉት፤ ሌላውን ፕሮግራም አይነካም። የኮምፒዩተሩን ሁሉ ሰዓት እንዲህ ካደረጋችሁት የምትልኩት ኢሜይል የአርጀንቲና የሰዓት ክልል ተለጥፎበት ይሄዳል።