ሰው የሌለበት ምድር ብላችሁ አትጻፉ

ዛሬ ጠዋት የዳሎል ጉዞ ፕሮግራም በቴሌግራም ደረሰኝ። አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል፤ ከሥሩ ልብ የለጠፋችሁም አላችሁ። አሠራሩ ያምራል። ቢጫው የድኝ ኩሬ ዳር የቆመችው ልጅ ፎቶ ዓይን ይስባል፤ ዋጋውም ተመጣጣኝ ነው። ርዕሱ ላይ ስደርስ ግን ቁርሴ አልወርድ አለኝ። «ሰው በሌለበት ምድር ሁለት ሌሊት» ይላል።

ማነው ሰው የለበትም ያለው?

ያዘጋጀውን ድርጅት ስም አላነሣም፤ ጉዳዩ የአንድ ድርጅት አይደለም። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናወራው። ደናኪል ሲባል ጨረቃ ላይ የምንሄድ ይመስለናል። ካርታውንም እዩት፤ ከቦሌ የተነሣ ቀይ ቀስት በአየር ሄዶ ሰመራ ላይ ያርፋል፤ በመሃል ያለው ሁሉ ባዶ ነጭ ነው። እስቲ ከቀስቱ በስተቀኝ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ፈልጉ። አንኮበርን ታገኛላችሁ። ከአንኮበር ቁልቁል አሊዩ አምባ አለች፤ የተወለድኩባት፣ እትብቴ የተቀበረባት። ከእሷ ዝቅ ሲል ፋሬ፣ ከፋሬ ወዲያ አፋር። ከቦሌ በፊት የዚያ በረሃ በር የነበርነው እኛ ነን።

የማጋንን የሚመስለው ሰው ካለ ይስማኝ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ የተነሣ ቅፍለት የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፎ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ፋሬ ላይ ይደርስና ግመሉ እዚያ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት የበቅሎ፣ የአህያና የሰው ትከሻ ነው። አሊዩ አምባ ላይ ዓርብ ዓርብ ገበያ ይቆማል፤ ጁምዓም ገበያም በአንድ ቀን። ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ ጠመንጃ ይገባል። ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል። ሰውም ይወርድ ነበር፤ አጠገባችን አብዱል ረሱል ላይ ባሪያ የሚሸጥበት ገበያ ነበር። መንገዱን ሳወድስ ይህን ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም፤ በዚያ ቁልቁለት ሳይወዱ የወረዱ ልጆች ነበሩ፤ አልተመለሱም።

በዚህ መንገድ ማን ያልመጣ አለ? እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ለሣህለ ሥላሴ እጅ መንሻ አስጭኖ ከታጁራ ሲነሣ የመረጠው የሰኔን ሙቀት ነው። የአሳልን ሐይቅ ያለፉበትን ሌሊት የጻፈውን ያነበበ ሰው ውኃ ይጠማዋል። ከዚያ አለፍ እንዳሉ ደግሞ ከሰዎቹ ሦስቱ በተኙበት ተገደሉ። በዓመቱ የመጣው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን አሊዩ አምባ ቤት ይዞ ኖሯል፤ ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1844 አሳትሟል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1886 ከታጁራ ተነሥቶ አንኮበር የገባው በ1887 መጀመሪያ ላይ ነው። ወራት ፈጅቶበታል። የሰመራ በረራ አንድ ሰዓት ዘገየ ብላችሁ የምታማርሩ፣ ራምቦን አስቡ!

ከዚያ መናገሻው ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ባቡሩም እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ዕቃው ወደ ሐዲዱ ሲዞር ቅፍለቱ እየቀነሰ ቀረ፤ ከተማችንም አብራ ተረሳች። የቀረው ግን ንግዱ እንጂ ጉርብትናው አይደለም። አፋሩ ዛሬም ገበያ ይወጣል። አርጎባው ዛሬም ይሸምናል፣ ይነግዳል። ስንጣላም ስንታረቅም የኖርነው ከእነሱው ጋር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሳልጽፈው አላልፍም።

በልጅነቴ በገበያ ቀን አንድ አፋር ወዳጅ አባቴ ቤት ያርፍ ነበር። ስሙን ልጆቹ ሳይፈቅዱልኝ አልጽፍም። ሽርጡ አቧራ ጠጥቶ፣ ፀጉሩ በቅቤ ርሶ፣ ጊሌ ጩቤውን ወገቡ ላይ ታጥቆ ይመጣል። ከገባ በኋላ ጊሌውን ፈትቶ ግድግዳው ጥግ ያስደግፋል፣ በርጩማውን ወደ በሩ ይስባል፣ ይቀመጣል። ያመጣው ቅቤ ገና ከአህያው አልወረደም። መጀመሪያ ዳጉ፣ የወሬ ቅብብሉ፣ ነው።

እሱ ይናገራል፤ አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በየመሃሉ «እህ» ይላል። የት ዘነበ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ የማን ግመል ወለደች፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተጋጨ፣ ሽማግሌ የት ተቀመጠ፣ በዚህ ሰሞን የትኛው መንገድ አይኬድም። አያጋንንም፣ አይቀንስም። ያየውን «አየሁ» ይላል፤ የሰማውን ከማን እንደሰማ ይናገራል። እሱ ሲጨርስ ተራው የአባቴ ይሆናል፤ የደጋውን ወሬ አንድ በአንድ ይሰጠዋል። እህል ስንት ገባ፣ ቀበሌ ምን አለ፣ በሽታ የት ገባ። እናቴ ጨው ጣል ያደረገችበትን ቡና ይዛ ትቆማለች እንጂ መሃል አትገባም። ዳጉ ሲያልቅ ነው ሲኒው የሚነሣው። እኛ ልጆች ደግሞ ቅቤው እስኪወርድ ትዕግሥታችን ያልቃል፤ ቅቤ የምንልሰው እኛ ነንና።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ ጎብኚዎች ገበያው መሃል አገኙት። አንደኛው ካሜራውን አምጥቶ ፊቱ ላይ ደቀነ። ሰላም አላለውም። ከየት መጣህ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው አላለውም። አጎንብሶ አነሣው፣ ቀና ብሎ አነሣው፣ ዞሮ ጊሌውን አነሣው። ወዳጃችን ቆሞ አየውና ወደ አባቴ ዞሮ «ይህ ልጅ ታሟል እንዴ? ለምን አይናገርም?» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም። የምሩን ነው የጠየቀው። እሱ ባደገበት አገር መንገድ ላይ አግኝቶህ ወሬ የማይሰጥህ፣ ወሬም የማይጠይቅህ ሰው ወይ ታሟል ወይ መጥፎ ነገር አስቧል።

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ዛሬ ጠዋት ፕሮግራሙ ላይ «ከጨው ቆራጮች ጋር የፎቶ ጊዜ፣ 30 ደቂቃ» የሚለውን ሳነብ የመጣብኝ ያ ሰው ነው። በዚያ ፀሐይ ጨዉን ከመሬት በዱላ ፈንቅሎ፣ በመጥረቢያ ጠርቦ አሞሌ የሚያወጣው ሰው ስም አለው። ልጆች አሉት። እጁን ጨው በልቶታል። ሠላሳ ደቂቃ ፎቶ ከምታነሡት አሥር ደቂቃ ዳጉ ብትሰጡት ምናለ? አስተርጓሚ አለ፣ መሪው አፋር ነው። የአዲስ አበባን ወሬ ንገሩት፣ እሱም የአገሩን ይንገራችሁ። ከዚያ ፎቶ ብትጠይቁት ራሱ ግመሉን አስተካክሎ ይቆምላችኋል።

ሰው በሌለበት ምድር! ኅዳር 14 ቀን 2018 ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን አልፎ ሕንድ ደረሰ። ዓለም ስለተሰረዙ በረራዎች አወራ። አፍዴራ ያሉ ሰዎች ግን በአመድ ውስጥ ነው ያደሩት፤ ፍየሎቻቸው የሚግጡት ሣር በአመድ ተሸፍኖ። ሰው ከሌለ ያንን አመድ ከጣሪያው ማን ጠረገው? ዛሬ ምሳ የበላችሁት ወጥ ውስጥ ያለው ጨውስ? በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ ጨው ሲቋረጥ አገሩን ጨው ያበላው አፍዴራ ነው። ባዶ ምድር ጨው አምርቶ፣ በመኪና ጭኖ መርካቶ አያደርስም።

እሺ፣ ተናደድኩና ዋናውን ረሳሁት። አዎ፣ እሄዳለሁ። ከልቤ ነው የምሄደው። ዳሎልን ሳላይ መሞት አልፈልግም። በጉዞው ጉዳይ ግን የምለው አለኝ፣ የምትሰሙኝ ስሙኝ።

መጀመሪያ ወሩ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሁን። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 125 ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተለካው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ቀንና ሌሊቱ፣ በጋና ክረምቱ ተደምሮ ከ34 ዲግሪ በላይ ነው፤ ሰው በሚኖርበት ቦታ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ተብሏል። በግንቦት ቅናሽ አለ ብሎ የሚጠራችሁን አትስሙት፤ ሃሪስን አስታውሱ።

ሁለተኛ እሳቱ። ኤርታሌ ላይ ወጥተን የሚፍለቀለቀውን እናያለን ብላችሁ የምትጽፉ፣ ተራራው ቀጠሮ አያከብርም። ሐምሌ 2017 ላይ ኤርታሌ ራሱ ፈንድቶ ነበር፤ በወራት ልዩነት ደግሞ ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ ተከተለ። የቆየ ቪዲዮ አይታችሁ ገንዘብ አትክፈሉ። መሪው ዛሬ አይወጣም ካለ አይወጣም። እዚያ ድረስ መጥተን እንዴት ብላችሁ ብትጨቃጨቁት እኔ ከእሱ ጋር ነኝ።

ሦስተኛ እግራችሁ። ፎቶው ላይ ያለው ቢጫና አረንጓዴ ኩሬ ከባድ አሲድ ነው። ዳሩ ላይ ያለው ቅርፊት አንዳንድ ቦታ ስስ ነው፣ ከሥሩ የፈላ ውኃ አለ። መሪው የረገጠበትን ብቻ ርገጡ። ደግሞም ያ ቅርፊት ስንት ጊዜ ፈጅቶ የተሠራ ነው፤ ለአንድ ፎቶ አትስበሩት።

አራተኛ ጀበና። ግሩፑ ውስጥ «ጀበና ይያዝ፣ አይያዝ» ብላችሁ ስትከራከሩ ዋላችሁ፤ አንዷ እንደውም የፈጣን ቡና ከረጢት ይበቃል አለች። እህቴ፣ ስወድሽ! ጀበናው ይሄዳል፣ ረከቦቱም ይሄዳል። ሐመድ ኤላ ላይ ሜዳው ላይ በተዘረጋ አልጋ ነው የሚታደረው፤ ማታ ነፋሱ ሲነሣ ቡና ከሌለ ከጠባቂዎቹና ከመሪው ጋር በምን ሰበብ ትቀመጣላችሁ? በዚህ ጉዳይ ድርድር የለም። እጣኑን ግን ተዉት፣ ድኙ ይበቃል።

ስለ መንገዱ ደግሞ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ደብረ ብርሃን ድረስም ሆነ ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንዴት እንደሆነ እኔም እናንተም እናውቃለን፤ እናቴን ለማየት መቼ እንደምሄድ የማላውቀው እኔ ነኝና ለእኔ አትንገሩኝ። ዘንድሮ በአውሮፕላን እንሂድ፣ አልቃወምም። ግን መንገዱ ሰላም የሆነ ዕለት ትክክለኛውን ጉዞ እኔ አወጣዋለሁ። ከአንኮበር ብርድ በጋቢ እንነሣለን። ቁልቁለቱን በእግራችን እንወርዳለን፣ አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ጋቢው ይወልቃል። አሊዩ አምባ እናድራለን፣ የገበያ ቀን እንዲሆን አደርጋለሁ። ማታ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠን ከቆላ የመጣውን ወሬ እንሰማለን። በማግስቱ በአርጎባ አገር ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ሚሌ፣ ሰመራ፣ አፍዴራ። እንደዚያ የሄደ ሰው ዳሎል ሲደርስ ምድሩን ያውቀዋል፤ ሰው እየተቀባበለው ነው የደረሰው።

ለዘንድሮውም ቢሆን አንድ ነገር እለምናለሁ። ከርዕሱ ላይ ያን ቃል አውጡልኝ። «በአፋሮች ምድር ሁለት ሌሊት» በሉት። ያምራል፣ እውነትም ነው፣ ዋጋ አይጨምርም። ከመነሣታችን በፊትም አንድ ቀን መሪው ስልክ ላይ ይግባና ወሬውን ይንገረን፤ ውኃው፣ መንገዱ፣ ተራራው፣ የሰዉ ጤና። ስለ ድሮንና ስለ ጫማ የምታወሩትን ያህል ጊዜ ለእሱ ስጡት።

ኅዳር ካልሆነላችሁ ታኅሣሥ አለ፣ ጥርም አለ። ከየካቲት ካለፈ ግን እኔን አትቁጠሩኝ። ደህና እደሩ።