ሻጩን ማመን፣ መኪናውን ማየት

በእኛ መካከል መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ምክር ይሰማል፦ «ከደላላ አትግዛ፤ ከሚታወቅ ሰው፣ ከአማኝ ግዛ።» ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። የሚታወቀው ሰውየው ነው እንጂ መኪናው አይደለም። ባለፈው ዓመት ቤተሰባችን ያገለገለ ራቭ ፎር ለመግዛት ሦስት ሳምንት ሲመላለስ ይህን ልዩነት በቅርብ አየሁት። ዛሬ ባይሆን ነገ ለራሳችሁም ሆነ ለቤተሰባችሁ መኪና ልታዩ የምትሄዱ ወጣቶች አላችሁና ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

መኪናው ለእኛ የጌጥ ጉዳይ አልነበረም። አባታችን በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት ከሱሉልታ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት የጥቁር አፈር ጭቃ ነው። ጥቁር አፈር ሲርስ የጎማውን ጥርስ ይሞላና ጎማው እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጠራነው ታክሲ ሁሉ አስፋልቱ ዳር ቆሞ «ከዚህ ወዲያ አልገባም» ይላል። ከእጥበት የሚመለስ ሰው ደግሞ ጉልበቱ ተሟጦ ነው የሚመለሰው። ያንን ሁለት ኪሎ ሜትር በወንድሜ ትከሻ ተደግፎ ሲመጣ ያየ ሰው መኪናው ለምን እንዳስፈለገን አይጠይቅም። ወንድሜና እህቴ ዕቁባቸውን፣ እኔ የሁለት ዓመት ቁጠባዬን አዋጣን።

አዲስ መኪና አላሰብንም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ያገለገሉ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ዕድሜያቸው ሲጨምር ዋጋቸው እምብዛም አይወርድም። አንድ መኪና አምስተኛ ባለቤቱ ጋ ሲደርስ የአራት ሰዎችን ታሪክ ተሸክሞ ነው፤ አምስተኛው የሚያውቀው ግን የራሱን ብቻ ነው።

ስለ መኪናው ዓይነት ትንሽ ልበል። ራቭ ፎር በፈረንጆቹ 1994 ለገበያ ሲቀርብ አዲስ ሐሳብ ነበር፦ እንደ ላንድ ክሩዘር በከባድ ሻንሲ ላይ የተሠራ ሳይሆን፣ የቤት መኪና አካል ይዞ ከፍ ያለና አራቱም ጎማ ሊገፋ የሚችል። እኛ ያየነው የ2007 ሞዴል በደህናው መንገድ ላይ የሚነዳው በፊት ጎማዎቹ ነው። ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስድ ረጅም ዘንግ ከሥሩ ይሄዳል፤ ከኋላው ዲፈረንሻል ፊት ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፍሪሲዮን አለ። የፊት ጎማዎች ሲንሸራተቱ ፍሪሲዮኑ ይይዝና የኋላዎቹም መግፋት ይጀምራሉ። ጭቃ ውስጥ ለመግባት ሾፌሩ ራሱ የሚቆልፍበት ቁልፍም አለው፤ ፍጥነቱ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያልፍ ራሱ ይለቃል። ከባድ ማርሽ የለውምና የገደል መኪና አይደለም። ለሁለት ኪሎ ሜትር ጭቃ ግን ይበቃል፤ ሁሉም ነገሩ ካለ።

ሻጩ አባዬ ለብዙ ዓመት በአገልግሎት የሚያውቃቸው፣ በቤተ ክርስቲያናችን የተከበሩ ሰው ናቸው። መካኒክ ይዘን እንደምንሄድ ስንነግረው አባዬ ቅር አለው።

«የወንድምን መኪና እንደ ሌባ ዕቃ ልትበረብሩ ነው?» አለ።

«አባዬ፣ እሳቸውን አይደለም የምናየው» አለው ወንድሜ። አባዬ ዝም አለ፤ ግን አልተስማማም። ጋሼም ስንደውልላቸው «ተባረኩ ልጆቼ፣ እንደፈለጋችሁ እዩት» ቢሉም፣ ትንሽ ቆይተው «ሰባት ዓመት ነድቼዋለሁ፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ አላቆመኝም» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ነበር።

በመጀመሪያ ወረቀቱን አየን። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ቁጥር በቁጥር መመሳሰል አለበት። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም ማዛወር አይቻልም። ዕዳና እገዳ አለመኖሩም ውል ሳይፈረም ይጣራል። የጋሼ ወረቀት ሁሉ ንጹሕ ነበር።

ከዚያ ማለዳ ሄድን፤ ሞተሩ ሳይሞቅ። መካኒኩ ሰላምታ እንደሰጠ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈና «ቀዝቃዛ ነው፤ ጥሩ» አለ። ቀድሞ የተሞቀ ሞተር ጠዋት ሲነሣ የሚያሰማውን ድምፅና የሚያወጣውን ጭስ ይደብቃል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ወፍራም ነጭ ጭስ የራዲያተሩ ውኃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው ያሰኛል። የዚያ ዘመን የ2.4 ሊትር ሞተር ዘይት በመብላት ስለሚታወቅ የዘይቱን መጠን ለካ፤ የዘይት ክዳኑንም ከፍቶ ከሥሩ እንደ ወተት የነጣ ነገር አለመኖሩን አየ። ሞተሩ ደህና ነበር።

አካሉ ላይ ማግኔት አስኬደ። ቆርቆሮ ማግኔት ይይዛል፤ ስቱኮ የተሞላ ቦታ አይዝም። የቀኙ ፓራፋንጎ ላይ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ማግኔቷ አልያዘችም። ጋሼ ቶሎ ብለው «እሱን እኔ ነኝ፤ የግቢዬ በር ነው» አሉ። መካኒኩ ሳቀ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሳይጠየቅ የሚናገር ሻጭ ብዙ ድካም ያቀልላል።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አይታችሁ አትርኩ፤ በኮምፒውተር ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ምን ያህል እንዳለቀ፣ የመሪው ቆዳ የት እንደላጠ፣ የሾፌሩ መቀመጫ ጠርዝ እንዴት እንደሆነ እዩ። ቆጣሪው ጥቂት ይበል እንጂ ፔዳሉ ብዙ ካለ፣ ፔዳሉን እመኑ። የእኛው ሁለቱ ይስማሙ ነበር።

ጎማዎቹ ላይ ግን መካኒኩ ቆም አለ። የኋላዎቹ ሁለቱ ከፊቶቹ የተለየ ሥሪት ነበሩ፤ ጥርሳቸውም ጨርሶ አላለቀም። ጎማ ጎኑ ላይ የተሠራበትን ጊዜ የሚናገሩ አራት አኃዞች አሉት፦ 2319 ቢል በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። በአራቱም ጎማ በሚገፋ መኪና ላይ አራቱ ጎማዎች በልክና በዕድሜ መቀራረብ አለባቸው። አንዱ አልቆ አንዱ አዲስ ከሆነ ዙራቸው ይለያይና ያ ፍሪሲዮን ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። «የኋላዎቹ ምንም አልሠሩም ማለት ይቻላል» አለ መካኒኩ ለራሱ እንደሚያወራ።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው ዳገት ለመኪና ፈተና የተሠራ ይመስላል። ስንወጣ የሙቀት መለኪያውን አየን፤ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። አውቶማቲክ ካምቢዮው ሳይመታ ይቀያይር ነበር። ስንወርድ ፍሬኑ ወደ ጎን አልጎተተም። ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረን በዝግታ ክብ ዞርን፤ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞሩት መገጣጠሚያዎች ካለቁ እዚያ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። አላሉም። ወንድሜ ፊቱ በራ። አባዬም ከኋላ ሆኖ «አላልኳችሁም?» አለ።

መካኒኩ ግን ጠጠር የፈሰሰበት አቀበት ፈልጎ አቆመውና የአራት ጎማ መቆለፊያውን ተጫነ። መብራቱ በራ። ነዳጅ ሲሰጥ የፊት ጎማዎቹ ጠጠሩን እየረጩ ባሉበት ዞሩ፤ የኋላዎቹ ዝም አሉ። ደግሞ ሞከረ። መብራቱ አሁንም በርቷል፤ የኋላዎቹ አሁንም ዝም።

ጋራዡ ውስጥ መኪናው መፈተሻው ጉድጓድ ላይ ሲቆም መልሱ ተገኘ። ወደ ኋላ መሄድ የነበረበት ዘንግ የለም። የላላ ወይም የተሰበረ አይደለም፤ ጨርሶ የለም። መሸከሚያዎቹ የታሰሩበት ቦታ ባዶውን ነው፤ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች በአሮጌ ጭቃ ተደፍነዋል። መካኒኩ ነገሩን ብዙ ጊዜ ያውቀዋል፦ የዘንጉ መሸከሚያዎች አልቀው መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ፣ ለጥገናው ላለመክፈል ዘንጉን አውጥቶ መጣል ይቀላል። መኪናው በፊት ጎማዎቹ ብቻ ይሄዳል። የፍሪሲዮኑ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይነቀል ስለሚቀርም መብራቱ እንደ ወትሮው ይበራል። የኋላው በር ላይ የተለጠፈው ጽሑፍም እዚያው ነው።

ጋሼ መጀመሪያ አላመኑም። ኮታቸውን አውልቀው ለእህቴ ሰጧትና ጉድጓዱ ውስጥ ወረዱ፤ በስልካቸው መብራት ከፊት እስከ ኋላ አዩት። ሲወጡ እጃቸው ዘይት ነበር። «ሰባት ዓመት ያቺን ቁልፍ እየተጫንኩ መብራቷን አይ ነበር» አሉ። መኪናውን የነዱት ከተማ ውስጥ፣ አስፋልት ላይ ነው። የኋላ ጎማዎቹ የሚያስፈልጉበት ቀን አልመጣባቸውም። «አራቱም ጎማ ይሠራል» ብለው ሲነግሩን አልዋሹም፤ የነገሩን ግን እውነት አልነበረም።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ይህን ነው። አለመዋሸት አንድ ነገር ነው፤ የሚናገሩትን ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ታማኝ ሰው የመጀመሪያውን ሊሰጠን ይችላል፤ ሁለተኛው የሚገኘው ከመኪናው ሥር ነው። «አምነዋለሁና አላይም» የምንል ሰዎች ወንድማችንን የምናከብር ይመስለናል፤ እሱ ራሱ የማያውቀውን ነገር ግን በስሙ ላይ እየጫንን ነው። ሕጉም መመርመርን እንደ ስድብ አያይም፤ የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢው የተረከበውን ዕቃ እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠብቅበታል።

ጋሼ ያን ዕለት «ዋጋ ልቀንስላችሁና ውሰዱት» ማለት ይችሉ ነበር፤ እኛም ልንስማማ እንችል ነበር። እሳቸው ግን «ለምን እንደምትገዙት ነግራችሁኛል፤ ለዚያ የማይሆን ነገር አልሸጥላችሁም» አሉና ሁለት ሳምንት ጠየቁ። ከመካኒኩ ጋር ሶማሌ ተራ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ያገለገለ ግን ደህና ዘንግ አገኙ፤ መሸከሚያዎቹን በአዲስ አስቀየሩ፤ የኋላው ዲፈረንሻል ዘይትም ተቀየረ። ፍሪሲዮኑ ብዙም ያልሠራ ስለነበር ሲፈተሽ ያዘ። ጎማዎቹ አራቱም እንዲመሳሰሉ መቀየር ነበረባቸውና ዋጋቸውን ከሽያጩ ላይ ተቀናነስን። በመጨረሻ ያው ጠጠር አቀበት ላይ ቆመን አራቱም ጎማ ሲገፋ አየን። ውሉን ስንፈርም ጋሼ የተቀየረውንና ያልተቀየረውን በአንድ ወረቀት ጽፈው፣ የፓራፋንጎዋን ስቱኮ ሳይቀር፣ ከሊብሬው ጋር ሰጡን።

አባዬ በዚያ ሰሞን ብዙ አልተናገረም። አንድ ማታ እራት ላይ ግን እንዲህ አለ፦ «ሳናይ ገዝተነው ቢሆን ኖሮ ሐምሌ ላይ ጭቃ ውስጥ ቆመን ሰውየውን እንረግም ነበር። የሃያ ዓመት ወዳጄን በማያውቀው ነገር አጣው ነበር።»

በክረምቱ መኪናው አንድ ቀን ብቻ ጭቃ ያዘው፤ በጎረቤት አካፋ ወጣ። አባዬ እስከ በሩ ድረስ ተቀምጦ ይገባል።

እናንተም ስትሄዱ ማለዳ ሂዱ። ያረጀ ልብስ ልበሱ፤ የእጅ ባትሪና ትንሽ ማግኔት ያዙ። መካኒኩን ራሳችሁ ምረጡ፤ ራሳችሁ ክፈሉት፤ ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣው አይሁን። አራቱም ጎማ ይገፋል የተባለውን መኪና በመብራቱ ሳይሆን በጎማው ፈትኑት፤ ከሥሩም ገብታችሁ እዩ። ሻጩ የምታውቁት ሰው ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ደውሉለትና «ጋሼ፣ መካኒክ ይዘን ነው የምንመጣው፤ እርስዎም አብረውን ይዩ» በሉት። ጉድጓዱ ውስጥ አብሯችሁ የሚወርድ ሻጭ ካገኛችሁ፣ መኪናውን ባትገዙት እንኳ ሰውየውን አትልቀቁት።